92 ካሜራ የማያየው

ልጄ፣ እዚያው ሜልቦርን በቆዳ ክሊኒክ የፎቶ አንሺነት ሥራ ማግኘትሽን እናትሽ ስትነግረኝ ግማሽ ደስ ብሏት ግማሽ አፍራ ነበር። «ሰዉን ራቁቱን አቁማ ነው አሉ የምታነሳው» አለችኝ። በዚሁ ሙያ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው በመሆኔ መልሱን ከእኔ ጠበቀች። ለእሷ የሰጠሁት መልስ አጭር ነው፤ ሐኪም ቤት ውስጥ ገላ ገላ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም አልኳት። ላንቺ ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍ። በመጀመሪያው ወር የሚያስተምሩሽ ሁሉ ስለ ማሽኑ ይሆናል፤ ማሽኑ የማይሠራውን የሚነግርሽ ሰው ግን ላታገኚ ትችያለሽ። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፤ አንቺም የለመድሽው እሱን ነው።

ማሽኑ በእርግጥ የሚደነቅ ነው። ቬክትራ የሚባለው፣ በአውስትራሊያ የሜላኖማ ምርምር ማዕከሎች የተተከለው ዓይነት፣ ዙሪያውን 92 ካሜራ ተደርድሮበታል። ሰውዬው በውስጥ ልብስ ብቻ ይገባና እጆቹን ከገላው አራርቆ ይቆማል፤ ካሜራዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ብልጭ ይላሉ፤ ኮምፒዩተሩም ምስሎቹን አገጣጥሞ የሰውዬውን ገላ ከየአቅጣጫው የሚዞር አንድ ምስል አድርጎ ያወጣዋል። ሐኪሙ ትከሻ ላይ ያለችን ነጥብ አጉልቶ ካምናው ጋር ያስተያያል። እኔ ሥራውን በጀመርኩበት ጊዜ ይህንኑ በአንድ ካሜራ፣ ሰውዬውን «ዙር፣ ቀና በል፣ ክንድህን አንሳ» እያልን ከ20 በላይ ፎቶ በማንሳት ነበር የምንጨርሰው። ያ ድካም ቀርቶልሻል።

ግን አስተውይ። ሰውዬው የሚነሳው ቆሞ ነው፤ የቆመ ሰው ውስጥ እግሩ መሬት ላይ ነው። ጸጉር የሸፈነው የራስ ቆዳ፣ የጣቶች መሐል፣ የመቀመጫ እጥፋት፣ ውስጥ ልብስ የከለለው ቦታም አይታዩም። አባቶቹ ከአየርላንድ ለመጡ አውስትራሊያዊ የውስጥ እግሩ መዘለል ብዙም አያሰጋም፤ የእሱን አደጋ ጀርባውና ባቱ ላይ ፈልጊው። ለእኛ ሰው ግን የተዘለለው ቦታ ዋናው ቦታ ነው። ማሽኑ ካበቃ በኋላ ሰውዬውን አስቀምጠሽ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ እግሩን አንድ በአንድ አንስተሽ በእጅ ካሜራ ማንሳት የአንቺ ፋንታ ነው። ማንም ባይጠይቅሽም አድርጊው።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ እንድትረጂ ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። ሜላኖማ ለቆዳችን ቀለም ከሚሰጡት ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው። ቁጥሩ ከሌሎቹ የቆዳ ካንሰሮች ያነሰ ነው፤ ገዳይነቱ ግን ይብሳል፤ ወደ ታች እየሰረገ ሲሄድ ከደም ሥርና ከሊምፍ መስመር ይደርስና ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት፣ ወደ አንጎል ይሄዳል። አሌክሳንደር ብሬስሎው የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1970 እንዳሳየው፣ የዕጢው ውፍረት በሚሊሜትር ሲለካ የሕመምተኛውን መጪ ጊዜ ይናገራል። ዛሬም የሚለካው በዚሁ ነው። በሥራ ላይ ባለው የደረጃ አመዳደብ መሠረት፣ ዕጢው ከ1 ሚሊሜትር ባነሰ ስስነት፣ ሳይቆስልና ሳይሰራጭ ከተገኘላቸው 100 ሰዎች 98ቱ ከ10 ዓመት በኋላ ሜላኖማ አልገደላቸውም። ከ4 ሚሊሜትር አልፎ የቆሰለ ከሆነ፣ ባይሰራጭ እንኳ ቁጥሩ ወደ 75 ይወርዳል። በዚህ መሐል ያለው ልዩነት የሦስት ሚሊሜትር ቆዳ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ያመለጠ አንድ ቀጠሮ።

እርግጥ ሕክምናውም ተሻሽሏል። በ2024 የአውስትራሊያ የዓመቱ ሰዎች ተብለው የተሸለሙት ጆርጂና ሎንግና ሪቻርድ ስኮልየር ሁለቱም የሜላኖማ ባለሙያዎች ናቸው፤ የተሰራጨ ሜላኖማ የያዘው ሰው በቀድሞው ዘመን ያልነበረ ተስፋ አለው። ቢሆንም ያ ሕክምና ረጅም፣ ውድና ከባድ ነው። ስስ ሳለ የተገኘው ግን ብዙውን ጊዜ ቆርጦ በማውጣት ብቻ ያበቃል።

የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ1985 አራት ምልክት አወጡ፤ ግማሹ ግማሹን የማይመስል፣ ጠርዙ የተቆራረጠ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ ስፋቱ ከ6 ሚሊሜትር የሚበልጥ ነጥብ አጠራጣሪ ነው አሉ። በ2004 አምስተኛ ተጨመረ፤ የሚለወጥ። አራቱን ሐኪሙ በዓይኑ ያያቸዋል፤ አምስተኛውን ግን ትናንት የነበረውን ሳያውቅ ሊያየው አይችልም። የአንቺ ሙያ የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው። በዚያው በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ስሉ የተባለ የሕክምና ፎቶ አንሺ ከሐኪሞቹ ጋር ሆኖ ብዙ ነጥብ ያለባቸውን ሰዎች ሙሉ ገላ በፎቶ ስለ መከታተል በ1988 ጽፏል፤ በጽሑፉ ላይ ስሙ ከሐኪሞቹ ቀድሞ ነው የተቀመጠው። ይህን የምነግርሽ «እኔ እኮ ፎቶ አንሺ ብቻ ነኝ» የምትይበት ቀን ስለማይቀር ነው።

ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ነርስም ጭምር፣ ሜላኖማ ሁልጊዜ ከድሮ ነጥብ ላይ የሚበቅል ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ከነበረ ነጥብ የሚነሳው ከመቶ 30 ያህሉ ብቻ ነው፤ የሚበዛው ትናንት ባዶ ከነበረ ቆዳ ብቅ ይላል። ስለዚህ ነጥብ የሞላበትን ጀርባ በጥንቃቄ አንስተሽ ንጹሑን ሆድ በችኮላ አትለፊው። ፎቶው ለመቁረጥ ብቻ ሳይሆን ለመተውም ይረዳል። መልኩ የሚያስፈራ ነጥብ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅንጣት እንዳልተለወጠ በፎቶ ከታየ፣ ሐኪሙ ቢላውን ያስቀምጣል፤ ያ ሰው ከአንድ ጠባሳ ድኗል።

እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት ከፒያሳ ፎቶ ቤት ነው። እዚያ የተማርኩት ተቃራኒውን ነበር። ሙሽሪት ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመችው ምልክት ካለ፣ ኔጌቲቩ ላይ ነጣ ብሎ የሚታየውን ቦታ በሾለ እርሳስ እየነካካን እናጠፋው ነበር፤ ፎቶው ሲታጠብ ፊቷ እንደ ወተት ጥርት ብሎ ይወጣል፤ እናቷም ትመርቀናለች። አንቺ በስልክ ያደግሽ ልጅ ነሽ፤ ስልክሽ ሳትጠይቂው ፊትን ያለሰልሳል። በክሊኒክ ግን የሚያምር ፎቶ ዋጋ የለውም። ጀርባን በጎን ብርሃን ቅርጽ ማውጣት፣ ቀለምን ማሞቅ፣ ለዓይን እንዲስብ ጠጋ ማለት፣ የፎቶ ሰው የሚኮራበት ጥበብ ሁሉ እዚህ ጥፋት ነው። የዛሬው ፎቶሽ ዋጋ የሚታወቀው ሁለተኛው ሲነሳ ነው፤ ያን ሁለተኛውን ደግሞ ምናልባት ሌላ ሰው ይሆናል የሚያነሳው። ርቀቱ፣ ብርሃኑ፣ ሌንሱ፣ የሰውዬው አቋቋም አንድ ካልሆነ፣ የተለወጠው ነጥቡ ይሁን ፎቶ አንሺው ማን ይለየዋል? ስለዚህ ሁሉንም መዝግቢ። የእግር ማቆሚያውን ምልክት ወለሉ ላይ ለጥፊ። ነጥብን በቅርበት ስታነሺ ማስመሪያዋን ከጎኑ አስቀምጪ፤ ካሜራውም ከቆዳው ጋር ትይዩ ይሁን፤ ዘንበል ካለ ክቡ ሞላላ ይሆናል።

ስለ ጥቁር ቆዳ ለብቻው ልንገርሽ፤ የመማሪያ መጻሕፍቱ ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል። ካሜራውን ለራሱ ፈቃድ አትተዪው። ከኋላ ነጭ ግድግዳ ካለ ካሜራው በነጩ ተታልሎ የእኛን ሰው ያጨልመዋል፤ ያን ጊዜ ጠይም ጀርባ ላይ ያለች ጥቁር ነጥብ ትጠፋለች። ግራጫ መጋረጃ ተጠቀሚ፤ ብርሃኑን በእጅሽ ወስኚ፤ ለጥቁር ቆዳ ጨምሪለት፤ የጨመርሽውንም ጻፊ፣ የሚቀጥለው ሰው ያንኑ እንዲደግም። ሰዎቻችን ከቤት ሲወጡ ቅባት ይቀባሉ፤ የተቀባ ጥቁር ቆዳ ፍላሹን ይመልስና ነጭ ጭረት ይሆናል። በቀጠሮው ቀን ሎሽንም ቫዝሊንም እንዳይቀቡ አስቀድመሽ ደውይ፤ ነጸብራቁን የሚቀንስ ፖላራይዝድ ፊልተርም ይኑርሽ።

ሲደወል የሚነገረው ይህ ብቻ አይደለም። ሠርግ የነበረበት ሰሞን ከሆነ እንሶስላ ወይም ሂና የሞቀች ሴት ትመጣለች። መዳፏና ውስጥ እግሯ ቀልቷል፤ ጥፍሯም እንዲሁ። ፈረንጅ ባልደረቦችሽ ጌጥ ነው ብለው አድንቀው ያልፉታል፤ አንቺ ግን ከሥሩ ያለው እንደማይታይ ታውቂያለሽ። ቀለሙ እስኪለቅ ድረስ ለእጅና ለእግር ብቻ ሌላ ቀን ቅጠሪያት። የጥፍር ቀለምም ይለቅ። አንገቷን የተነቀሰች እናት ከመጣች የንቅሳቱን መስመር ተከትለሽ በቅርበት አንሺ፤ ነጥብ ከንቅሳት ጥቁረት ውስጥ ይደበቃል።

አሁን ወደ እግሩ ልመለስ። የፈረንጆቹ ሜላኖማ ከፀሐይ ጋር በጣም የተያያዘ ነው። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በዓለም ቁንጮ የሆኑት ነጭ ቆዳ ይዘው በዚያ ፀሐይ ሥር ስለሚኖሩ ነው፤ ቪክቶሪያ ውስጥ በ1981 «ሸሚዝ ልበስ፣ ክሬም ተቀባ፣ ባርኔጣ አድርግ» የሚል ዘመቻ የተጀመረውም ለዚሁ ነው። ጥቁር ቆዳ ከዚያ ፀሐይ ብዙ ይከላከላል። ከእኛ መሐል ፀሐይ ዋና ጠላታቸው የሆነችው አልቢኒዝም ያለባቸው ናቸው፤ እነሱን ሜላኖማ ባልሆነ የቆዳ ካንሰር አብዝታ ታጠቃለች፤ ከመጡልሽ የጆሮና የከንፈር አካባቢን አትዝለይ። ለቀሪው የእኛ ሰው ግን ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፤ በውስጥ እግር፣ በመዳፍ፣ በጥፍር ሥር። ይህ ዓይነት ነጩንም ጥቁሩንም ይይዛል። የእኛ ሰው ግን ዘግይቶ ነው የሚያገኘው፤ መጀመሪያ ኪንታሮት፣ ቀጥሎ ጫማ የላጠው፣ ከዚያም የማይድን ቁስል እየተባለ ጊዜው ይነጉዳል።

ቦብ ማርሌን አስቢ። በ1977 የእግሩ ትልቅ ጣት ጥፍር ሥር የታየው ጥቁረት የእግር ኳስ ጉዳት ነው ተብሎ ነበር። ሜላኖማ ሆነ። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቆረጥ መከሩት፤ በእምነቱ ምክንያት አልተቀበለም፤ ጥፍሩና ከሥሩ ያለው ሥጋ ተነስቶ ከሌላ ቦታ ቆዳ ተለጠፈለት። በ1978 ወደ እኛ አገር መጥቶ ሻሸመኔን የረገጠው ያንን በሽታ ይዞ ነው። በ1980 በአቡነ ይስሐቅ እጅ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ፤ በግንቦት 1981 በ36 ዓመቱ ማያሚ ውስጥ ሞተ፤ ጸሎተ ፍትሐቱም ኪንግስተን ውስጥ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ተደረገለት። በ2005 አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ 60ኛ ልደቱ ሲከበር የዘፈነው ሕዝብ ስንቱ በምን እንደሞተ ያውቅ ነበር? የእኛ ሰው «ሜላኖማ የነጭ በሽታ ነው» ሲልሽ ስለ ሜላኒን ትምህርት አትስጪው፤ ይህን ሰው ጥሪለት።

ጥፍር ላይ ግን ሰዉን አታስደንግጪ። ከሥር እስከ ጫፍ የሚሄድ ጥቁር መስመር በእኛ ሰው ዘንድ የተለመደ ነው፤ ከዕድሜ ጋርም ይጨምራል። በብዙ ጥፍር ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጤና ነው። ዓይንሽ የሚቆመው አንድ ጥፍር ላይ ብቻ በወጣ፣ በተለይ በአውራ ጣት፣ አዲስ ሆኖ እየሰፋ በሚሄድ፣ ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ዙሪያው ባለ ቆዳ ላይ በፈሰሰ መስመር ላይ ነው። ይህን የመጨረሻውን ምልክት ጆናታን ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል። ተመትቶ የቋጠረ ደም ጥፍሩ ሲያድግ አብሮ ወደ ጫፍ ይገፋል፤ መስመሩ ግን ሥሩን አይለቅም። አሥሩንም የእጅ፣ አሥሩንም የእግር ጥፍር አንሺ፤ ነገሩን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ አንቺ ማስረጃውን አሟይለት።

ስለ ገላና ስለ ሐፍረት ደግሞ። ሰዎቻችን ሐኪም ፊት ልብስ ማውለቅ ያስጨንቃቸዋል፤ ካሜራ ሲጨመርበት ይብሳል። ሁሉን በአንድ ጊዜ አታስወልቂ። ላይኛው ሲነሳ ታችኛው ይሸፈን፤ ነጠላ ይዛ የመጣች እናት በነጠላዋ ትከለል። ሴት አንሺ ትፈልግ እንደሆነ ሳትጠይቅሽ ጠይቂያት፤ ወንዱንም እንዲሁ። ሴት ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ የምትመጣ እናት ብዙ ጊዜ ታጋጥምሻለች፤ ልጅቷን በትሕትና ከክፍሉ አስወጥተሽ አስተርጓሚ በስልክ አስገቢ፤ እናት ልጇ ፊት የማትለው ነገር አላት። አብሮሽ የሚቆም ሰው ይኑር፤ ያለ ሁለተኛ ባለሙያ በሩን ዘግተሽ አትሥሪ፤ ይህ ለእነሱም ላንቺም ነው። «ፎቶውን ማን ያየዋል? የት ይቀመጣል? ለምርምር ይሰጣል?» ሲሉሽ የፈቃድ ወረቀቱን በአማርኛ አስረጂ፤ ለሕክምና መፍቀድና ለምርምር መፍቀድ ሁለት ፊርማ ነው፤ ሁለተኛውን እምቢ ማለት የመጀመሪያውን አያሳጣም። የግል ስልክሽ ወደዚያ ክፍል አይግባ። ለአንዲት ሰከንድም ቢሆን።

ኮምፒዩተሩ ነጥቦቹን ራሱ እየመረጠ «ይህን ተመልከቱ» የሚልበት ዘመን ላይ ነሽ። ተጠቀሚበት፤ ግን በጭፍን አትመኚው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ተሰብስበው በ2022 የወጡ 656 የቆዳ ምስሎች፣ ጥቁሩንም ነጩንም ያካተቱ፣ በጊዜው ዝነኛ በነበሩ ፕሮግራሞች ላይ ሲሞከሩ ፕሮግራሞቹ በጥቁር ቆዳ ላይ ጎልቶ የሚታይ ድክመት አሳይተዋል። ያልታየውን መማር አይቻልምና አያስደንቅም። አንቺ በፈቃዳቸው በደንብ የምታነሺው የሐበሻ ውስጥ እግር ነገ ለዚያ ትምህርት ይውላል።

ሥራሽንም አታጋንኚ። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና አማካሪ ቡድን በ2023 እንዳለው፣ ምልክት የሌለውን ሰው ሁሉ ቆዳ መመርመር ጥቅሙ ከጉዳቱ መብለጡን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም። የሙሉ ገላ ፎቶ የሚጠቅመው ነጥቡ እጅግ ለበዛ፣ ከዚህ በፊት ሜላኖማ ለያዘው፣ ቤተሰቡ ውስጥ ላለበት ሰው ነው። ስለ ገንዘብ ሲባል ጤነኛውን ሁሉ አስፈራርቶ ማሽን ውስጥ የሚያቆም ቤት ካየሽ ከዚያ ውጪ። በጣም የሚፈጥን የሜላኖማ ዓይነትም አለ፤ ያበጠ፣ ሲነኩት ጠጠር ያለ፣ በሳምንታት የሚያድግ፤ ቀለሙም ጥቁር ሳይሆን ሮዝ ሊሆን ይችላል። እሱ የዓመቱን ፎቶ አይጠብቅም። ሁሉንም ሰው ስትሸኚ ይህን ንገሪው፤ በመሐል ያደገ ነገር ካለ ቀጠሮ ሳይቆጥር ይምጣ። ሰውዬው «ይህ ካንሰር ነው?» ብሎ ፊትሽን ሲያነብ ፊትሽ ምንም አይናገር፤ «ሐኪሙ ያየዋል» በይ። ከዚያ ግን ፎቶውን ወረፋ ውስጥ ጥለሽ አትሂጂ፤ በዚያው ቀን ሐኪሙን አንኳኪ።

አንድ ቀረኝ። ሥራሽ ከተሰማ ዘመድ ሁሉ ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ የጣቱን ፎቶ በቴሌግራም መላክ ይጀምራል። ክፉ ሰው እንዳትባይ ብለሽ በደበዘዘ ፎቶ ላይ «ምንም አይደለም» እንዳትይ። አዲስ አበባ ያለውን ወደ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል፣ ሌላውን እዚያው ወዳለው የቆዳ ሐኪም ላኪ። እናትሽን ግን አንቺው ራስሽ ጫማዋን አስወልቂያት፤ ሁለቱንም እግር፤ ስትቆጣሽ እኔ ነኝ ያዘዝኩት በያት።